ከሠንጠረዡ የጎደሉት አሥራ አራት

ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር በፍኖተ ሰላም ከተማ ዕረፍት አለው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል። ነርሱም፣ የኮሌጁ አስተማሪም ጥናቱን ለጤና ጆርናል ከመላኩ በፊት «ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን አንዴ ይዩልኝ» እያለ በሬን ያንኳኳል። እኔም እያጉረመረምኩ አያለሁ። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ቡሬ መናኸሪያ ላይ ሳልጠብቃት ያገኘኋት እስከዳር የያዘችው ጽሑፍ ግን እንግሊዝኛው ምንም ስሕተት አልነበረበትም። የተበላሸው ቁጥሩ ነበር።

እስከዳር ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ አዋላጅ ነርስ ሆናለች። ኮምፒውተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ባጃጅ ትጠብቃለች።

«ወዴት ነው ጉዞው?» አልኳት።

«አሥራ አራት ሕፃናት ጠፍተውብኝ ልፈልግ ነው ጋሼ» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

ነገሩን አስረዳችኝ። በአንድ የገጠር ቀበሌ አምና የወለዱ ዘጠና ስድስት እናቶችን መዝግባለች። ሰባ ዘጠኙ ልጆች በሕይወት አሉ፤ ሦስቱ ሞተዋል። የቀሩት አሥራ አራቱ ከሞቱትም ከቆሙትም የሉም። ቤት ለቤት ሄዳ ስትጠይቅ እናቶቹ «የሞተ ልጅ የለንም» ብለው መልሰዋል፤ በቤታቸው ግን የሚታይ ሕፃን የለም።

«አብረውኝ የሚጽፉት ባሕር ዳር ያሉት መምህራን ‹መረጃ ያልተገኘላቸው ብለሽ አውጫቸውና ዓርብ እንላከው› ይሉኛል።»

«እውነታቸውን ነው» አልኳት። «በየጥናቱ የሚጎድል አለ። ላኪውና ተገላገይ።»

«አሥራ አራቱም እናቶች ሲመልሱልኝ አይናቸውን ወደ አንድ ቤት ይጥላሉ ጋሼ። እኔ እዚያ ቤት ሳልገባ አልክም።»

እንግሊዝኛዋን ሳርምላት የኖርኩትን ልጅ ብቻዋን መስደድ አሳፈረኝና ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

የደረስነው በቀትር ነው። በዚያ አገር ቀትር ለሰው የተሰጠ ሰዓት አይደለም ይባላል፤ ከብት እንኳ ጥላ ይዞ ዝም ይላል። ዝናቡ አባርቶ በቆሎው ላይ እንፋሎት ይጨሳል፤ ወፍ አይሰማም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች በሮች ስናልፍ አንድ በአንድ ገርበብ ይሉ ነበር። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በቀትር ጋኔን አላምንም። ይሁን እንጂ ባጃጁ ጥሎን ሲመለስ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጆሮዬ ተከተለው።

የቤቱ ባለቤት እማሆይ በለጠች ናቸው፤ ቆብ የጫኑ፣ ለአርባ ዓመት የቀበሌውን ሴት ሁሉ ያዋለዱ። አብራቸው የምትኖረው የልጃቸው ሚስት ደስታነሽ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከሰላምታው በኋላ እማሆይ እስከዳርን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ማንን ልትቆጥሪ መጣሽ ልጄ?»

«ያልተቆጠሩትን፣ እማሆይ።»

«ክርስትና ሳይነሳ ያለፈ ልጅ አይባልም። ለቅሶ የለው፣ ፍትሐት የለው፣ ስም የለው። እናቲቱ ቦታውን እንዳታውቅ አዋላጂቱ ይዛው ትወጣለች። ኸእናቶቻችን የወረስነው ይኸ ነው፤ እኔ አላመጣሁትም።»

«እንግዲያው እናቶቹ አልዋሹኝም» አለች እስከዳር በቀስታ።

«ምን ቆርጧቸው ይዋሻሉ? የጠየቅሻቸው ስለ ልጅ ነው።»

እዚህ ላይ በእኛ በተማርነው ተናደድኩ። አሥር ገጽ መጠይቅ ተዘጋጅቶ፣ ኮሚቴ መርምሮ አጽድቆት፣ እኔም ሰዋስዉን አርሜው ሳለ፣ በዚህ አገር ሰው መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

«እማሆይ፣ ስንት እንደሆኑ ቢነግሩኝ ወደፊት ለሚወለዱት ይተርፋል» አለች እስከዳር።

«ተይ ልጄ። ስም ያለውን ሰው የጠራሽ እንደሆን እሱ ብቻ ይመልሳል። ስም የሌላቸውን የጠራሽ እንደሆን ሁሉም ይመልሳሉ።»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ከጓሮ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ አንዴ ብቻ፣ ተቆርጦ የቀረ።

«ግልገል ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ግልገል የለንም» አለች ደስታነሽ። ከገባን ጀምሮ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እጇን ሆዷ ላይ ጭናለች።

እስከዳር ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት፤ ደፍሬ እንዳይመስላችሁ፣ ቤት ውስጥ መቅረቱ ስለባሰብኝ ነው። በኮሽሙ አጥር ሥር ጭብጥ ጭብጥ የሚያካክሉ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ሩቆቹ ሽበት አብቅለው ግማሽ አካላቸው መሬት ገብቷል፤ ወዲህ የቀረቡት ገና አዲስ ናቸው። ድርድሩ አጥሩን ይዞ እስከ ማሳው ጫፍ ይሄዳል። ግልገል የለም፤ ድመትም የለም።

እማሆይ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡና «የአምናዎቹ ኸዚች ይጀምራሉ» አሉ፤ እንዲሁ ሳያስቡት ያመለጣቸው ይመስላል።

ቆጠርኩ። አሥራ አምስት ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። እስከዳር በእጇ አመለከተችኝ፤ አሥራ አራቱ ተተክለዋል፣ አሥራ አምስተኛው ታጥቦ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

«ይቺ የማን ናት፣ እማሆይ?»

የመለሰችው ከኋላችን ቆማ የነበረችው ደስታነሽ ናት።

«የኔ ናት። ለነሐሴው።»

እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። እማሆይ ግን ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ጭቃ ሳለ ድንጋይ ፍለጋ አይወጣም። ክረምት የሚወለድ አይበረክትም፤ አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። ስለጨከንኩ አይደለም፣ ስለለመድኩት ነው።»

እስከዳር እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አርባ ዓመት ካዩማ ከእርስዎ የበለጠ አጥኚ የለም። እኔ ስም አልጠራም፤ በእኛም ሕግ የሟችን ስም መጻፍ ክልክል ነው። የተወለዱበትን ወርና ስንት ቀን እንደቆዩ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ስም አይጻፍም?»

«አይጻፍም። ብጽፈው ጆርናሉም አይቀበለኝም።»

አሮጊቷ የአምናዎቹ ወደሚጀምሩበት ተጠጉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ድንጋይ በበትራቸው ጫፍ ነኩት።

«ይቺ የጥር፤ ሳምንት ቆየች። ይኸ የሐምሌ፤ አንድ ሌሊት። ይቺ የጥር፤ ሳምንት ቆየች። ይኸ የነሐሴ፤ ሁለት ቀን።» አንዱንም አልረሱም። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ ደስታነሽ ዞሩ። «ይኸ ያንቺ ነው። ሦስት ቀን።»

ደስታነሽ ዓመት ሙሉ በዚያ አጥር ሥር ስታልፍ ኖራለች። ተንበርክካ ድንጋዩን በመዳፏ ሸፈነችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ የክረምት ልጆች ናቸው፤ አሥራ አንዱም ከሦስት ቀን አላለፉም።

«እንደተወለዱ ምን ይደረግላቸዋል?» አለች እስከዳር።

«እንደ ወጉ ነዋ። በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ፤ ቅቤ ይልሳሉ፤ የናቲቱ እንገር ታልቦ ይደፋል፤ ነጩ ወተት ሲመጣ ይጠባሉ።»

«እማሆይ፣ ነሐሴ ላይ የተወለደን ጥጃ ውሃ አፍስሰውበት እንገር ቢከለክሉት በእግሩ ይቆማል?»

«ምን ሲሆን! ጥጃማ እንገሩን ካልጠባ...»

በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ አንስቼ ሰጠኋቸው፤ አልያዙትም።

«ለጥጃ የማልነፍገውን» አሉ። ወደ ድንጋዮቹ ዞረው ደግሞ «እንግዲህ በእጄ ነው ያለፉት ማለትሽ ነው?»

«እርስዎ ሳያውቁ ነው፣ እማሆይ። እኔ ግን እየጠረጠርኩ ሦስት ሞቱ ብዬ ዓርብ ልልከው ነበር። የኔ ይብሳል።»

እኔም ላኪው ያልኳት ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታን የሚደብቅ ግን የገጠር ሰው ብቻ የሚመስለን እኛ ነን። ሦስት የሚል ጽሑፍ ቢወጣ፣ ያነበበው ሹም ሁሉ ይህ ቀበሌ ጤነኛ ነው፣ ለአራስ ሕፃን የሚሆን ሙቅ ክፍል አያስፈልገውም ብሎ ወረቀቱን ያጥፍ ነበር። አሥራ ሰባት የሚል ከሆነ ግን የሚያጥፈው እጁ ይከብደዋል።

«ክረምቱን መከልከል አንችልም» አለች እስከዳር። «ውሃውን ግን እንችላለን። እንደተወለደ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ እናቱ ገላ ላይ ይተኛ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ፤ አንድ ቀን ሳይሞላው ውሃ አይንካው። ቢቻል ደግሞ ጤና ጣቢያ ይወለድ።»

እማሆይ ደስታነሽን አዩ፤ የታጠበውን ድንጋይ አዩ። «ደጋግመሽ ንገሪኝ» አሉ፤ ቃል በቃል እስኪይዙት ድረስ አስደገሟት።

ዓርብ ጽሑፉ አልተላከም። መምህራኑ ተቆጡ፤ ሠንጠረዡን ከታች እስከ ላይ እንደገና መሥራት ቀላል አይደለምና። የጥናቱ ዘዴ የተጻፈበት ክፍል ተለወጠ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም እንደገና ተጠየቀ። ደስታነሽ በነሐሴ መጀመሪያ ቡሬ ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ ወለደች። እማሆይ የክፍሉን በር ይዘው ቆመው፣ ሕፃኑን ውሃ ላስነካ የሚልን ዘመድ ሁሉ በበትራቸው ይመልሱ እንደነበር ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክረምት የወለዱትን አራት እናቶች እሳቸው ራሳቸው እየመሩ ጤና ጣቢያ አድርሰዋል፤ አራቱም ሕፃናት ዛሬ አሉ።

በመስከረም በክርስትናው ቀን ተጠርቼ ሄድኩ። ጠላው ያለበት ጋን ዘመም እንዳይል በአንድ ጭብጥ በሚያህል ንጹሕ ድንጋይ ተደግፏል፤ አወቅሁት። ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል ዕድሜዬን ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ድንጋዩን ጎንበስ ብዬ ነካሁት።

እስከዳር ኮምፒውተሯን ከፍታ ሠንጠረዡን አሳየቻቸው። እማሆይ በጣታቸው አሥራ ሰባት የሚለውን ቁጥር ዳሰሱት።

«መጨረሻው ላይ ለረዱን ሰዎች ምስጋና ይጻፋል፣ እማሆይ» አለቻቸው። «ስምዎን ካልፈለጉ እተወዋለሁ፤ አንዲት አዋላጅ ብዬ አልፈዋለሁ።»

እማሆይ ወደ አጥሩ ተመለከቱ። ቀትር ሆኖ ነበር።

«ጻፊው» አሉ። «እነሱ ስም የላቸውም። ሩቅ አገር ያለ ሰው አንብቦ የጠራቸው እንደሆን፣ ‹አቤት› የሚልላቸው ሰው ይኑር።»

እስከዳር ስማቸውን ጻፈች፤ ከዚያም ጽሑፉን ላከች። ጆሮዬን ወደ ጓሮ ጥዬ ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማም።