ጣልያን የተከለው ድንጋይ

ደምበጫ አካባቢ ጣልያን የጦር ካምፑን ወሰን ያመለከተበት ድንጋይ አለ ሲሉኝ ላየው ሄድኩላችሁ። እርሻ መሀል ቆሟል። ጽሑፉን ላነብ የሸፈነውን የድንጋይ ሽበት ስፍቅ ድንጋዩ ዘመም አለብኝ። ወዲያው ከኋላዬ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። "ወሰኔን ማን ንቀል አለህ?" አሉ አንድ አዛውንት። ለካ ጣልያን ከወጣ ወዲህ ድንጋዩ የሁለት ጎረቤታሞች የእርሻ ወሰን ሆኗል፤ ሁለቱም በሌሉበት አይነካም!

"ኧረ አባቴ፣ ላነበው ብዬ ነው!" እያልኩ ላቃናው ስገፋ፣ ጎረቤታቸው ደግሞ ከወዲያ በኩል ደገኑብኝ። "ወደ እኔ ገፋኸው!" "ሽማግሌ እስኪመጣ እንዳትነቃነቅ!" አሉኝ ሁለቱም፤ በዚህስ ተስማሙ። ተንበርክኬ ድንጋዩን አቀፍኩት። የተከለው ጣልያን እንኳ እንደኔ አጥብቆ አልያዘውም።