አባታችን ሆይ ሲደገም ዝም የሚሉት እናት

ልደታ በነበረን የእሁድ ከሰዓት ጉባኤ፣ ምእመናን በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ የሚልኩትን ጥያቄ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ስለ ጾም፣ ስለ አሥራት፣ ስለ ጋብቻ፣ የማይጠየቅ ነገር የለም። እኔም እውነቱን ለመናገር «አላውቅም» ማለት አልወድም ነበር። አንድ ቀን እንዲህ የሚል ወረቀት ደረሰኝ፦ «አባታችን ሆይ ስንደግም፣ የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ቦታ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ኃጢአት ነው?» ይሄ ምን ያጠያይቃል ብዬ፣ ጸሎት እየመረጡ እንደማይጸለይ፣ ይቅር ያላለም ይቅርታ እንደማያገኝ ተናግሬ በሁለት ደቂቃ ጨረስኩት። ሰዉም ራሱን እየነቀነቀ ተስማማልኝ።

ጉባኤው ሲበተን አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ወረቀቱን ያጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «የመጨረሻ ልጄን የገደለው ሰው ጉዳዩ የሚታየው እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት ነው። በየቀጠሮው አየዋለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ እንዳልል፣ ገና ይቅር አላልኩትም።»

«ቢሞክሩስ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«እየሞከርኩ ነው። እስከዚያ ዝም የምለው እግዚአብሔርን መዋሸት ፈርቼ ነው።»

በሚቀጥለው እሁድ ሆን ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። ጸሎቱ እዚያ ቦታ ሲደርስ እሳቸው እንዳሉት ዝም አሉ። እኔም በአባታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ስንት ዓመት ያላናገርኩት ወንድሜ ትዝ አለኝና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስደግመው የኖርኩት ቃል አፌ ውስጥ ቀረ።