ስለ ተወሰደችው የድምፅ መቀየሪያና «አትሰማም» ስለሚለው ቃል

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ እንደሰፈረው
ዕድሜ፦ 26
የትምህርት ደረጃ፦ በቋንቋ የመጀመሪያ ዲግሪ
ሥራ፦ በቤት ዕቃ ጥገና ድርጅት የስልክ መልስ ሰጪ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከወላጆቿ ጋር
ቃሉ የተሰጠው፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ጀምሮ፣ ምርመራ ክፍል ቁጥር 2

የተጠራሁት በምስክርነት ቢሆንም፣ አመልካቹ የሥራ ተቆጣጣሪዬ በሰላይነት እንደጠቆመኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ቃሌ ሳይሸራረፍ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ።

በድርጅቱ ስሠራ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ሥራዬ ፍሪጅ ወይም ልብስ ማጠቢያ የተበላሸበት ሰው ሲደውል ችግሩን ሰምቼ ጠጋኝ መላክ ነው። ስልኩ የሚገባው በኮምፒዩተር ስለሆነ የምሰማውም የምናገረውም በማዳመጫ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ማዳመጫው ንብ የሰፈረበት ቀፎ ሆኖ ነበር። ይህንን ለተቆጣጣሪው ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ያገኘሁት መልስ «የኔ እመቤት፣ ማዳመጫው አዲስ ነው፤ ጆሮሽን ታጠቢ» የሚል ነው።

ባለፈው ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ደብዳቤው፣ አንዲት ደንበኛ ስለ እኔ «ልጅቷ አትሰማም» ማለቷ በድምፅ ተቀድቶ ስለተገኘ፣ ደንበኛ የማላዳምጥ ሠራተኛ መሆኔ ተረጋግጧል ይላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ካላስተባበልኩ እሰናበታለሁ። ምላሷ ረጅም ነው ቢሉኝ አልከራከርም። አታዳምጥም መባልን ግን አልቀበልም፤ እንጀራዬ ማዳመጥ ነው።

ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ማዳመጫውን ይዤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ወዳለው የአጎቴ ሱቅ ሄድኩ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሲሆን ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሰፈሩ «ዶክተር ሽቦ» ይለዋል። በራሱ ሬዲዮ ላይ ሰክቶ ሞከረውና «የእህቴ ልጅ፣ ማዳመጫውም ጤነኛ ነው፣ አንቺም ጤነኛ ነሽ። በሽተኛው ማዳመጫው የሚሰካበት የኮምፒዩተሩ ቀዳዳ ነው» አለኝ። እንዳስረዳኝ፣ ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልሰው ክፍል በሳጥኑ ውስጥ ከማራገቢያውና ከሌላው ኤሌክትሪክ ጋር ታፍጎ ስለሚኖር የእነሱን ጉርምርምታ ይለቃቅማል። መፍትሔው ያንን ሥራ ከሳጥኑ ውጭ ማሠራት ነው። «ጎረቤት ሲንጫጫ ቤት መልቀቅ ነው እንጂ ትራስ መቀየር ምን ይፈይዳል?» ብሎ ጣት የምታህል፣ አጭር ገመድ ያላት መቀየሪያ ሰጠኝ። በአንድ ጫፏ ኮምፒዩተሩ ላይ ትሰካለች፣ በሌላው ማዳመጫውን ትቀበላለች፤ መናገሪያውም በእሷ በኩል ያልፋል። ዋጋዋ ከአንድ ጃንጥላ አይበልጥም፤ እዚያው ከፍያለሁ።

ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሰካኋት። ንቦቹ ሄዱ። የመጀመሪያው ደዋይ ፍሪጃቸው የሚያፈስባቸው አባወራ ነበሩ፤ ሰላምታዬን እንደሰሙ «ምነው ልጄ፣ ዛሬ ከጉድጓድ ወጣሽ እንዴ?» አሉኝ። በሳቅ ሞትኩ። ከሳቄ ስመለስ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ለካስ ሁለት ወር ሙሉ እኔም ለሰው የምሰማው ከጉድጓድ ነበር።

በምሳ ሰዓት ከደብዳቤው ጋር የተሰጠኝን ቅጂ በመቀየሪያዋ አዳመጥኩ። «አትሰማም» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር «አታዳምጥም» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ «ድምፅዋ አይደርስም» ማለት ነው። በጉርምርምታው ውስጥ መጥበቁና መላላቱ አይለይም ነበር። አሁን ግን ደንበኛዋ ቃሉን አጥብቃ ስትናገር በግልጽ ሰማሁ። ከኋላው ተውጦ የነበረውንም ሰማሁ፤ ወደ ባለቤቷ ዞራ «አንተ፣ ይህን ስልክ ድምፅ ጨምርልኝ እስቲ» ትላለች። አላዳምጥ ባለች ልጅ የተናደደ ሰው ስልኩን ድምፅ አያስጨምርም።

ወዲያው ተቆጣጣሪውን ጠርቼ ያዳምጡልኝ አልኩ። እሱ ግን ዓይኑን ገመዷ ላይ ተክሎ «ይህቺ የተንጠለጠለችው ምንድን ናት? ፍላሽ ናት! የደንበኞቻችንን ድምፅ ልትቀጂ ነው!» አለ። «ፍላሽ ብትሆን ማዳመጫው በየት በኩል ይሰካባታል?» ብዬ ጠየቅሁ። ነቅሎ ፖስታ ውስጥ ከተታት፣ አሸጋት፣ ፖሊስ ጠራ። «ያዳምጡ» ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኩት፤ ሰውየው አይሰማም።

ዛሬ መርማሪው ፖስታውን በእኔና በተቆጣጣሪው ፊት ከፍቶ መቀየሪያዋን እንደ መሥሪያ ቤታችን በሚያጉረመርመው የክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ሰካ። የተቀዳ ነገር ይቅርና መቅጃ ቦታም እንደሌላት ተረጋገጠ። ቀጥሎ፣ ተቆጣጣሪው ራሱ በማስረጃነት ያመጣውን ቅጂ መጀመሪያ ያለ እሷ፣ ከዚያ በእሷ አዳመጠና ማዳመጫውን አውልቆ «እርስዎ ይስሙት» አለው። ተቆጣጣሪው ሦስት ጊዜ መላልሶ ሰማ። ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ «ይህቺ ነገር… የት ነው የምትሸጠው?» አለ። «አጎቴ ዘንድ። ወረፋው የሚጀምረው ግን ደብዳቤው ከተሰረዘ በኋላ ነው» አልኩት። ደብዳቤው ላይ «ተሰርዟል» ብሎ ጽፎ ፈርሟል፤ ቅጂው ተያይዟል። መቀየሪያዋንም በፊርማ ተረክቤያለሁ።

ቃሌን ሳነበው «አትሰማም» የሚለው ላልቶም ጠብቆም በጽሑፍ አንድ ሆኖ አገኘሁት። ነገ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ሌላ ማስጠንቀቂያ እንዳይጽፍብኝ ከፊደሉ ላይ የማጥበቂያ ነጥብ ካልተደረገበት አልፈርምም ብያለሁ። መርማሪው «እህቴ፣ በዚህ ኮምፒዩተር ነጥቡ የት እንዳለ አላውቅም» ስላለ፣ ከታተመ በኋላ በብዕር በእጄ አድርጌያለሁ፦ ደንበኛዋ ያለችው «ልጅቷ አትሰ፟ማ፟ም» ነው። ስለ ተቆጣጣሪው «አይሰማም» ያልኩት ግን ላልቶ ይነበብ፤ ነጥብ አያስፈልገውም።

ልጅቷ አሁን ትሰማለች። ይህኛው ላልቶም ጠብቆም ቢነበብ እውነት ነው፤ ከላይ ያለው ቃሌም ሁሉ እንዲሁ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________
(ነጥቦቹ በምስክሯ እጅ፣ በእኔ ፊት የተደረጉ ናቸው።)