ሎሚን በመንዝ ምድር ያጸደቁት ወይዘሮ አመተሥላሴ ተገኘ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሞላሌም ከመርሐቤቴም ብርዱንና አቀበቱን ችላችሁ እንባችንን ልትጋሩን የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ዛሬ አፈር የምናለብሳቸውን የወይዘሮ አመተሥላሴ ተገኘን ታሪክ እንዳነብ ልጆቻቸው የመረጡት እኔን፣ የባለቤታቸውን ታናሽ ወንድም ጫኔ አባይነህን ነው። ሌላ አንባቢ ፈልጉ ብዬ ብለምናቸው አልሰሙኝም። ለምን እንደለመንኳቸው በንባቡ መካከል ትሰሙታላችሁ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ተገኘ ዳኜ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይዘንጋሽ መሳፍንት በመርሐቤቴ ቆላ፣ የጀማ ወንዝ ድምፅ በሚሰማበት መንደር፣ በጥቅምት ወር 1940 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ብቸኛ ሴት ልጅ ስለነበሩ ተቀማጥለው አደጉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእናታቸው ጓሮ ሎሚና ትርንጎ የሞላበት፣ ሳል የያዘው የመንደር ልጅ ሁሉ የሚላክበት ደጅ እንደነበረ ራሳቸው በኩራት ይናገሩ ነበር። በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ለመድገም የበቁ ሲሆን፣ ኋላም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ሲማሩ፣ ከከተማ የመጣውን መምህር ሳይቀር እያረሙ ያስቁን እንደነበር ዛሬ እዚህ የቆማችሁ እኩዮቻችን ታስታውሳላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ አቶ ወንዳፈራሁ አባይነህ ዝተት የምንለውን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስና በግ ይዘው ወደ ቆላ እየወረዱ ይነግዱ ስለነበር፣ በዚያው ተዋውቀው ሽማግሌ ልከው በ1957 ዓ.ም. አገቧቸው። ሙሽራዋ በበቅሎ ተጭነው ወደ መንዝ ወጥተው መንደራችን ዘመሮ ሲደርሱ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ «ይህን አገር በእውነት ሰው ይኖርበታል?» ብለው መጠየቃቸው በቤተሰባችን ሲያስቅ ኖሯል። እንደ ባህላችን ለባለቤታቸው ዘመዶች የፍቅር ስም ሲያወጡ፣ ያኔ ገና ጎረምሳ ለነበርኩት ለእኔ «መከታዬ» የሚለውን ስም አወጡልኝ፤ አርባ ዓመትም በዚሁ ስም ጠሩኝ።

ከወንድሜ ጋር በፍቅር ኖረው አራት ልጆች ወለዱ፤ አንዱን በሕፃንነቱ ሞት ነጥቋቸዋል። ወንድሜ በ1989 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለዩ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ገብስ እያመረቱ፣ በግ እያረቡ፣ ለዝተት የሚሆን ጸጉር እየፈተሉ ሦስቱንም ልጆች ለወግ ለማዕረግ አበቁ። በማግሥቱ ዓመት እናታቸው ሲያርፉ ለቀብር ወርደው፣ ከጓሯቸው የሎሚ ፍሬ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። በሙሽርነታቸው ሁለት ጊዜ ሎሚ ተክለው ሁለቱንም ጊዜ ውርጭ ስለወሰደባቸው፣ እኛ ደገኞቹ ሦስተኛውን ስናይ መሳቃችን አልቀረም። ብዙም ሳይቆይ የእናታቸውን ጓሮ የወንዝ ሙላት ጠርጎ ስለወሰደው፣ ከዚያ ደጅ የቀረችው በዘመሮ ማድ ቤታቸው ግድግዳ ሥር የበቀለችው ይህችው አንዲት ሎሚ ብቻ ሆነች።

ሰባት ዓመት እንደ ልጅ አሳደጓት። ኅዳር በገባ ቁጥር ዙሪያዋን በጓሳ ሣር ጎጆ ይሠሩላታል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በላይዋ ዝተት ይደርቡላታል፤ ጠዋትም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ኩበት አጭሰው፣ ፀሐይ በደንብ ሳትሞቅ ልብሷን አይገፉላትም ነበር። ጎረቤቱ «አመተሥላሴ ሎሚዋን ጎጆ አወጣቻት» እያለ ሲቀልድ እኔም አብሬ ቀልጃለሁ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት አበባ አወጣች፤ እጄን ይዘው ወስደው እንዳሸት ካደረጉኝ በኋላ «የእናቴ ደጅ ሸተተኝ» ብለው ሲያለቅሱ ዓይቻለሁ።

የዚያ ዓመት ብርድ ግን የማናውቀው ብርድ ነበር። ከኅዳር ማገባደጃ ጀምሮ በእንስራ ያደረ ውኃ በረዶ ሆኖ ይገኝ፣ ግልገሉ በጋጣው ደርቆ ያድር ጀመር። የሎሚዋ ጎጆ ሣር በክረምቱ ዝናብ በስብሶ ስለነበር አዲስ ሣር አስፈለጋቸው፤ ይሁን እንጂ የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ በዚያ ዓመት ዝግ ነበር፤ እስኪከፈት ድረስ ማንም ማጭድ እንዳያሳርፍበት ሕዝቡ ተማምሎ፣ የቀበሌያችንን ድርሻ እንድጠብቅ የመረጠው ደግሞ እኔን ነበር። ወይዘሮ አመተሥላሴ ሕጉን እያወቁ ሁለት ሸክም አጭደው፣ ሳይደብቁ በዋናው መንገድ ተሸክመው ገቡ፤ በእኔ ተማምነው እንደነበር አልጠራጠርም።

ወገኖቼ፣ ማድረግ የነበረብኝ ነገሩን ለሽማግሌ ነግሬ ፍርዱን መጠበቅ ነበር። እኔ ግን «ለዘመዱ አደላ» እንዳልባል ፈራሁ፤ ከሎሚዋ ይልቅ ለስሜ ሳሳሁ። በዚያው ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ሄጄ ጎጆውን በገዛ እጄ አፈረስኩት። «መከታዬ፣ እስከ ነገ ፀሐይ ብቻ ተውልኝ፤ ጠዋት ራሴ ተሸክሜ አመጣልሃለሁ» አሉኝ። ሕግ ሕግ ነው ብዬ ሣሩን ጭኜ ሄድኩ። በዝተቱ ላይ የለበሱትን ጋቢ ጨምረው ቢሸፍኗትም ነፋሱን የሚመልስ ግርዶሽ አልነበረም፤ ጠዋት ቅጠሏ ሁሉ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ጠቁሮ ተገኘ፤ በሳምንቱም ግንዷ ደረቀ። ሽማግሌዎቹ ሲሰሙ «ሣሩ እንደሆነ አንዴ ታጭዷል፤ ብርዱ እስኪያልፍ ብታቆየው ጓሳ ምን ይጎድልበት ነበር?» አሉኝ።

እሳቸው አልወቀሱኝም፤ ለማንም አልከሰሱኝም። በየበዓሉ ድርሻዬን አላጎደሉብኝም፤ ልጄን ስድር ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከሁሉ ኋላ ሄደዋል። ብቻ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ «አቶ ጫኔ» ሆንኩ፤ «አንተ» መባሌም ቀርቶ «እርስዎ» ተባልኩ። ያንን ክብር እንደ ቅጣት ተሸክሜው ኖሬአለሁ።

ሎሚ ዳግመኛ አልተከሉም። ነገር ግን ድንችና የጌሾ ችግኝ ከውርጭ የሚድንበትን ዘዴ ለመንደሩ ሴቶች ሁሉ እየዞሩ ሲያስተምሩ፣ በየጓሮው ጎንበስ ብለው ገለባ ሲያለብሱ ኖሩ፤ አዛለችም ጥሩሸዋም ዛሬ ጌሾ ያላችሁ በእሳቸው እጅ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የልብ ድካም ጀመራቸው። ልጆቻቸው ካሳከሟቸው በኋላ ወደ ቤቴ መልሱኝ ስላሉ ወደ ዘመሮ ተመለሱ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ቆርጬ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስተኛው ቀን «አቶ ጫኔ፣ በሩን ይዝጉልኝ፣ ብርድ ገባ» አሉኝ። በሩን ዘጋሁ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ስለ ገብሱ አወራሁ፤ ወጣሁ። ወይዘሮ አመተሥላሴ የካቲት 9 ቀን 2003 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ከኋላቸው ልጆቻቸውን ምስክርን፣ እፀገነትንና መስታወትን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም የእናትነት እጃቸው የደረሰውን መንደር ሁሉ ትተውልናል። የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

ሟች ያስቀየሙት ሰው ካለ ይቅር እንዲል መለመን የአንባቢ ፈንታ ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ባስብ እሳቸው ያስቀየሙት ሰው አላገኘሁም። ያስቀየማቸውን ግን አውቀዋለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ከአፉ ማውጣት አቅቶት አሁን ለሬሳ ያነባል። ልጆቼ ምስክር፣ እፀገነት፣ መስታወት፣ ወረቀቱ እዚህ ላይ አልቋል። በእናታችሁ ፈንታ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ካላችሁኝ ከሬሳው በኋላ እሄዳለሁ፤ ካላላችሁኝም አልፈርድባችሁም፤ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።