ቆጣቢዋ መኪናዬ ዳገት ላይ

ስሙኝማ! ጓደኞቼ «ጉልበት ያላት መኪና ግዛ» ቢሉኝ አሻፈረኝ ብዬ፣ ቁመቷ ከፍ፣ ሞተሯ ግን አነስ ያለች መኪና ገዛሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስዞርባት ነዳጁን ታሸታለች እንጂ አትጠጣም። የነፍስ አባቴ ጠበል ሊረጩልኝ ሲመጡም «አባ፣ ነዳጅ እንዳትፈጅብኝ አጥብቀው ይጸልዩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። ሞተሩን ሳይቀር አስከፍተው ረጩልኝ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ለንግሥ ወደ ይጁቤ ስንሄድ እሳቸውን፣ ሚስቴንና ሁለት አክስቶቿን ጫንኩ። ስለ ቆጣቢነቷ ስሰብክላቸው ቆይቼ ዳገቱ ጋ ስንደርስ አቃሰተች። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ብረግጠውም ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሚስቴና አክስቶቿ በማርያም ስም እየጮኹ ወረዱ። አባም ወረዱና ጃንጥላቸውን ዘርግተው በእግራቸው ቀደሙኝ።

ባዶዋን እያለከለከች ስትወጣ፣ አባ አናቱ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እፍረቴን በሳቅ ልሸፍን ብዬ «አባ፣ ጠበልዎ አልሠራም እኮ!» አልኳቸው።

«እንዴት አልሠራም? ነዳጅ ፈጀችብህ?»

«ኧረ ነዳጅስ አልፈጀችም።»

«ታዲያ ምን ትወቅሰኛለህ ልጄ? ስለ ዳገቱ መች አነሳህልኝ!»