በደም ሥር የሚገባ ሪዝቅ

ወይዘሮ ሩቂያ በጀጎል ግንብ፣ ፈላና በር ላይ ወተት ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ዕቃቸውን በወይራ ሳያጥኑ ወተት አይቀዱም፤ በዚህ የሚያማቸው ሰው የለም። ዛሬ ጠዋት ግን ገበያቸውን ትተው፣ በሻሽ የጠቀለሉትን ነገር በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ሆስፒታል ሲጣደፉ፣ እዚያው ፈላና በር ሥር ከሲስተር ብሌን ጋር ተገጣጠሙ። ብሌን አንጀቷን ኦፕራሲዮን ሆና የተኛችውን ልጃቸውን ሰሚራን የምትከታተል ነርስ ናት።

«እንዴት አደሩ እናቴ? ምን ይዘው ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። የሰሚራን ምግብ ነዋ!» አሉና ገለጥ አደረጉት።

ሰሚራ በአፏ መብላት ስለማትችል በደም ሥሯ የሚሰጣት፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያለበት ከረጢት ነው። ትናንት ሰዓቱ አልፏል ተብሎ ሲወርድ ሲሶው ቀርቶ ነበር፤ እሳቸው ሰው ሳያያቸው ከመጣያው አንስተው ጀጎል ቤታቸው አሳደሩት።

«አላህ የሰጠው ሲሳይ፣ ሪዝቅ ይደፋል እንዴ? ነውር ነው! የድንጋይ ቤቴ ጓዳ እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። እዪው፤ አልረጋ፣ አልሸተተ።»

ቁጣ ጠብቀው ነበር። ብሌን ግን ረጋ ብላ ጠየቀቻቸው።

«የትናንት ወተት ከዛሬው ጋር ይደባልቃሉ?»

«አዑዙ ቢላህ! ሁሉንም ያበላሽብኛላ።»

«የሚያበላሸው ዓይን የማያየው ባክቴሪያ ነው። ይህም ስኳርና ቅባት ያለበት ምግብ ነው፤ ለሰሚራ የተስማማው ለባክቴሪያም ይስማማዋል። ከተሰቀለ ዕድሜው ሃያ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ወተት ሲበላሽ ያስታውቃል፤ ይህ ግን ሳይሸት፣ መልኩ ሳይለወጥ ይበላሻል።»

«በአፏስ ስንት ነገር በልታ አድጋለች፤ ምን ሆነች?»

ብሌን ወደ ግንቡ አመለከተች። «በአፍ የገባውን ጨጓራ ይፈትሸዋል፤ በሩ ዘበኛ አለው። በደም ሥር የገባው ግን ግንቡን ዘሎ ነው፤ የሚያግደው የለም። ይህ ቢሰቀልላት ሰሚራ ነገን ላታይ ትችላለች።»

ወይዘሮ ሩቂያ የቱቦውን አገጣጠም አይተው ለምደዋል፤ በገዛ እጃቸው ሊሰቅሉላት ነበር።

«ያ ረቢ! ላበላት ብዬ ልገድላት!» አሉና አለቀሱ። ከረጢቱን ሲያስረክቡም ዓይናቸው አልተለየውም። «ታዲያ ሪዝቁ?»

«ሪዝቅዎ ሰሚራ ናት፣ እናቴ።»

መንገድ ላይም ሁሉን አስረዳቻቸው፤ ያልተከፈተው መለያው ላይ እንደታዘዘው ይቀመጣል፣ ተዘጋጅቶ ያልተሰቀለው ፍሪጅ ይገባል፣ ቱቦውን ያልታጠበ እጅ አይነካውም፣ ሰዓቱ ያለፈበት ይጣላል።

ከዚያ ወዲያ ሰዓት ጠባቂዋ ራሳቸው ሩቂያ ሆኑ። ሲሶ ቀረ ግማሽ ቀረ ሳይሉ፣ «ሲስተር፣ ደርሷል፤ አውርጂው!» ይላሉ። ሰሚራም ትኩሳት ሳይነካት ቁስሏ ጠገገ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ሐኪሙ በአፏ እንድትቀምስ ፈቀደ። እናቷ በወይራ ከታጠነው ዕቃ የፈላ ወተት በማንኪያ ቀዱላትና ቀና ብለው ብሌንን አዩአት።

«የዛሬ ነው» አሉ።