«የሐሰት ዜና እንዴት ይለያል?»

ከአዳማ ወደ ዱከም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሴት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። የሚማሩት ጋዜጠኝነት ነው። የመውጫ ፈተናቸው ደርሷል፤ የሞዴል ፈተናው ውጤት ደግሞ ትናንት ተለጥፏል።

«ስንት አመጣሽ?» አለች በመስኮት በኩል ያለችው።

«ተይኝ ባክሽ። የቱ ክፍል እንደጣለኝ ብነግርሽ ትስቂያለሽ።»

«የቱ?»

«‹የሐሰት ዜና እንዴት ይለያል› የሚለው። አንድም አላገኘሁ።»

«ውይ፣ እኔንም የጣለኝ እሱ ነው!»

«አንቺ እኮ ሸምድደሽው ነበር!»

«የሸመደድኩት ስልክ ላይ ሲዞር የነበረውን መልስ ነዋ።»

«እኔም እሱኑ ነው። ማን ነው ግን የለቀቀው?»

«እኔ እንጃ። የላክሽልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እኔ ከክፍሉ ግሩፕ ነው ያገኘሁት። ሁሉም ሲልከው እውነት መሰለኝ።»

አጠገባቸው የነበሩ አዛውንት ዞር አሉ። «ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ መጽሐፍ የላችሁም?»

«አለን አባባ። ግን ገጹ ብዙ ነው።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቅንቀው ፊታቸውን መለሱ።

«አሁን ታዲያ ምን ይሻለናል?» አለች በመስኮት በኩል ያለችው።

«ከስህተታችን መማር ነዋ! እኔ ከዚያ ግሩፕ ወጥቻለሁ። ሌላ የቴሌግራም ቻናል አግኝቻለሁ፤ ‹የተረጋገጠ መልስ› ይላል።»

«ማን አረጋገጠው?»

«ስሙ ራሱ ‹የተረጋገጠ› ነው እያልኩሽ!»

«እሺ በይ፣ ላኪልኝ።»

እኔም ስልኬን አወጣሁና፣ ጠዋት ለቤተሰባችን ግሩፕ የላክሁትን ዜና ከየት እንዳገኘሁት ለማስታወስ ሞከርኩ።